ማስመሰል ሁሉ ውሸት አይደለም፦ የጅራታም ኮከብ አቧራና ስልካችን ላይ የሚዞረው ቪዲዮ

ከጥቅምት ወር ወዲህ ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም የከፈተ ሰው አንድ ጅራታም ኮከብ ሳያይ የቀረ አይመስለንም። ስሙ 3አይ/አትላስ ይባላል። አንዱ ቪዲዮ «የሌላ ዓለም ፍጡራን መንኮራኩር ነው» ይላል። ሌላው «ናሳ እየደበቀን ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የታወቀ ሳይንቲስት ፊት ለጥፎ ሰው ያስፈራራል። አንጋጫም ዶዮገናም፣ ዱራሜም ሆሳዕናም ያላችሁ ተከታታዮቻችን «እውነት ነው እንዴ?» ስትሉን ከርማችኋል።

አጭሩ መልስ፦ አይደለም። ጅራታም ኮከብ ነው፤ መጥቶ አልፏል። ረጅሙ መልስ ግን «ሳይንቲስቶቹስ በምን አወቁ?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል። ማንም ሄዶ በእጁ አልነካው። እኛም ዛሬ ልናወራችሁ የፈለግነው ይህንኑ ነው። አጋጣሚው ደግሞ ጥሩ ነው፤ ሐሙስ ጥር 7 ቀን 2018 ዓ.ም. አንድ ትልቅ ነገር ልክ 20 ዓመት ሞላው። የሰው ልጅ ከጅራታም ኮከብ ላይ አቧራ ሰብስቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምድር ያመጣው ጥር 7 ቀን 1998 ዓ.ም. ነበር።

የዚያ አቧራ ታሪክ በአብዛኛው የጠፈር ታሪክ አይደለም፤ የላብራቶሪ ታሪክ ነው። ከመንኮራኩሩ በፊትም በኋላም ሳይንቲስቶች ምድር ላይ ቁጭ ብለው የጅራታም ኮከቡን አቧራ ሲያስመስሉ ነበር። አዎ፣ ሲያስመስሉ። በአማርኛ «አስመሳይ» ስድብ ነው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ግን ማስመሰል ከውሸት ያዳነ ነገር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስልካችን ላይ ያለው ማስመሰል ሌላ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያለው ማስመሰል ሌላ። ልዩነታቸውን የያዘ ሰው በቀላሉ አይሸወድም።

መጀመሪያ ስለ እንግዳው

3አይ/አትላስ የታየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2025 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን 2017። ያየው ቺሊ ያለ አትላስ የተባለ ቴሌስኮፕ ነው። ከፀሐይ ቤተሰብ ውጭ መጥቶ በመካከላችን ሲያልፍ የተመዘገበ ሦስተኛው አካል ነው። የመጀመሪያው በ2017 የታየው ኦሙአሙአ፣ ሁለተኛው በ2019 የታየው ቦሪሶቭ ነበር። እነዚህ ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው።

ለፀሐይ በጣም የቀረበው በጥቅምት 19 እና 20 ቀን 2018 አካባቢ ነው። ለምድር በጣም የቀረበው ታኅሣሥ 10 ቀን ሲሆን ያኔም 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቀን ነበር። ከእኛ እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት ሁለት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው። «ሊመታን ነው» ያሉት ሁሉ ይህንን ቁጥር አልነገሯችሁም።

ታዲያ ወሬው ለምን በዛ? አንደኛ፣ የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር አቪ ሎብ «ሰው ሠራሽ ሊሆን የሚችልበትን ዕድል እንመርምር» ብለው ደጋግመው ጻፉ፤ ቪዲዮ ሠሪዎቹ «እንመርምር» የሚለውን ቆርጠው «ነው» አሉት። ሁለተኛ፣ በጥቅምትና በኅዳር መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በበጀት ጭቅጭቅ ተዘግተው ስለነበር ናሳ ምስል የሚያወጣበት ጊዜ ዘገየ። መዘግየቱ «ድብቅብቆሽ» ተባለ። በኅዳር 10 ናሳ መግለጫ ሰጥቶ ምስሎቹን አወጣ፤ ጅራታም ኮከብ እንደሆነም ተናገረ። ሦስተኛ፣ ኤአይ አለ። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ብራያን ኮክስ ፊቱንና ድምፁን አስመስለው ስለዚሁ ኮከብ ያልተናገረውን ሲያስወሩት፣ ራሱ ወጥቶ «ይህ እኔ አይደለሁም» እስከማለት ደርሷል።

እንግዲህ ይህ አንደኛው ማስመሰል ነው። ማስመሰሉን ይደብቃል፤ እውነተኛ መስሎ እንዲያልፍለት ይፈልጋል። አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ።

ከጥይት የፈጠነ አቧራ እንዴት ይያዛል?

ስታርደስት የተባለው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 ተነሳ። በጥር 2 ቀን 2004 ቪልት 2 ከተባለ ጅራታም ኮከብ አጠገብ አለፈ። ቅርበቱ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። አቧራው መንኮራኩሩን የሚመታው በሴኮንድ 6.1 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ከክላሽ ጥይት ስምንት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። በዚያ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ሆሳዕና ለመድረስ 40 ሴኮንድ አይፈጅም።

በዚህ ፍጥነት የሚመጣን ብናኝ በብረት ሳህን ልያዝህ ብትሉት ይተናል። ስለዚህ ኤሮጄል የተባለ ነገር ተጠቀሙ። ኤሮጄል ከብርጭቆ ቤተሰብ ነው፤ ግን ከመቶ 99 እጁ በላይ አየር ነው። ስታዩት የቀዘቀዘ ጭስ ይመስላል። ብናኙ ውስጡ ገብቶ እየቦረቦረ፣ ፍጥነቱ ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ መጨረሻ ላይ ይቆማል። የቴኒስ ራኬት የሚያክል መያዣ ላይ የኤሮጄል ጡቦች ተደረደሩ፤ በጡቦቹ መካከል ደግሞ የአሉሚኒየም ፎይል ነበር። መንኮራኩሩ 4.6 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መያዣው ያለበትን ካፕሱል አሜሪካ፣ ዩታ በረሃ ላይ ጣለ።

የተገኘው ነገር ስንት ነው ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በሺዎች የሚቆጠሩ ብናኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ከፀጉር ውፍረት ያነሱ። ሁሉም ተደምሮ አንድ ግራም አጠገቡም አይደርስ። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው ለዚህ ነው የምትሉ አትጠፉም። ቆይ ግን፣ ወተቷን እንያት።

ዋናው ራስ ምታት የመጣው ካፕሱሉ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሳይንቲስቱ ኤሮጄሉ ውስጥ አንድ ቀዳዳ ያያል፤ ቀዳዳው መጨረሻ ላይ የተሰባበረች ብናኝ አለች። ጥያቄው ይህ ነው፦ ብናኟ ከኮከቡ ስትነሳም እንዲህ ነበረች ወይስ ስትመታ ነው እንዲህ የሆነችው? ማየት ብቻውን አይመልሰውም። ዓይን የሚያየው የመጨረሻውን ነገር ነው፤ የመጀመሪያውን አይደለም።

አስመስለው ያወቁት

መልሱ ጠመንጃ ነው። የቀልድ አይደለም። በአሜሪካ የናሳ ማዕከላት፣ በእንግሊዝ ደግሞ በኬንት ዩኒቨርሲቲ፣ በጋዝ የሚሠራ ልዩ ጠመንጃ አለ። ባሩድ አንድ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ሃይድሮጅን የመሰለ ቀላል ጋዝ ያምቃል፤ የታመቀው ጋዝ ሲለቀቅ ጥይቱን በሴኮንድ ስድስት ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፈነጥረዋል። ጥይቱ የምናውቀው ዓይነት አይደለም፤ የተፈጨ ማዕድን፣ ደቃቅ የመስታወት ዶቃ ነው። ዒላማው ደግሞ ስታርደስት የያዘው ዓይነት ኤሮጄልና ፎይል።

ልብ በሉ፤ የሚተኩሱት ነገር ምን እንደሆነ አስቀድመው ያውቃሉ። መጠኑን ለክተዋል፣ ዓይነቱን መዝግበዋል። ስለዚህ ከተኩሱ በኋላ ቀዳዳውን ሲያዩ «ይህች ቀዳዳ ከዚህች ብናኝ ነው የመጣችው» ማለት ይችላሉ። ይህንን ደጋግመው ሲያደርጉ ልክ እንደ ሚዛን መመዘኛ የሆነ ሠንጠረዥ ይኖራቸዋል። ለምሳሌ ፎይሉ ላይ የሚወጣው ጉድጓድ ስፋት ከመታችው ብናኝ አራት ተኩል እጥፍ ያህል እንደሆነ ያወቁት እንዲህ ነው። ኤሮጄሉ ውስጥም የካሮት ቅርፅ ያለው ቀጭን ዱካ የጠንካራ ብናኝ፣ መግቢያው ላይ የተነፋ ዱካ ደግሞ የሚፈረካከስ ብናኝ ምልክት እንደሆነ ያሳዩት እነዚህ ተኩሶች ናቸው።

ምን ጠቀመ? ሁለት ታሪክ እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሊሳሳቱ የነበሩበት ነው። በቪልት 2 አቧራ ውስጥ ጥቃቅን የብረትና የድኝ ፍንጣቂ ያዘለ ብርጭቆ መሰል ነገር ታየ። ይህ ቅርፅ በሳይንስ በጣም የሚፈለግ ነው፤ ከፀሐይ በፊት ከነበሩ ከዋክብት የተረፈ ሊሆን ይችላል የሚባል ጥንታዊ ነገር ይመስላል። ደስታ ነበር። ግን የተወሰኑ ተመራማሪዎች የብረትና የድኝ ውህድ የሆነ ተራ ማዕድን ወስደው በጠመንጃው ኤሮጄል ላይ ተኮሱ። ምን ወጣ? ያው ቅርፅ! ስለዚህ ያዩት ነገር ግጭቱ ራሱ ቀልጦ ከተቀላቀለ ኤሮጄል ጋር የሠራው ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። ይህ በ2008 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። አስቡት፤ ያ ተኩስ ባይኖር ኖሮ ምድር ላይ፣ ያውም በራሳቸው መያዣ ውስጥ የተሠራን ነገር «ከከዋክብት የመጣ» ብለው ሊያውጁት ነበር።

ሁለተኛው ደግሞ ተጠራጥረው ያረጋገጡት ነው። ከናሙናው ውስጥ ግላይሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ተገኘ። አሚኖ አሲድ ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራበት ጡብ ነው። ትልቅ ዜና ነው፤ ለሕይወት የሚሆን ጥሬ ዕቃ በጅራታም ኮከብ ላይ አለ ማለት ነውና። ሆኖም ወዲያው አልፎከሩም። «ከእኛ እጅ፣ ከዕቃችን የገባ ቢሆንስ?» አሉ። ናሙናው የነካውን ሁሉ መረመሩ፤ የተያዘበትን የናይለን ከረጢት ሳይቀር። ከናሙናው ውስጥ ከተገኙት ኬሚካሎች አንዱ በርግጥም የናይለኑ ሆኖ ተገኘ። ግላይሲኑ ግን ከባድ ካርቦን ከቀላል ካርቦን ጋር ያለው ምጣኔ ሲለካ ከምድሩ የተለየ ሆነ። በ2009 እ.ኤ.አ. ከኮከቡ እንደመጣ አስታወቁ። ካፕሱሉ ካረፈ ሦስት ዓመት ተኩል አልፎ ነበር። በቲክቶክ ሂሳብ ብትሉት ይህ አንድ ሙሉ ዘመን ነው።

ከዚህ ሌላ አቧራው ማንም ያልጠበቀው ነገር ይዞ መጣ። ጅራታም ኮከቦች ከፀሐይ ርቀው፣ በብርድ ውስጥ የተሠሩ የበረዶና የአቧራ ድብልቅ ናቸው። በቪልት 2 ውስጥ ግን ከአንድ ሺህ ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ብቻ የሚፈጠሩ ማዕድናት ተገኙ። በፀሐይ አጠገብ የተሠራ ነገር እንዴት ብርዱ ጋ ደረሰ? የፀሐይ ቤተሰባችን ሲፈጠር ነገሩ ሁሉ ከመሐል እስከ ዳር ሲታመስ እንደነበር የገባን በዚህች ቁንጥር በማትሞላ አቧራ ነው። ላሟ ያለችው በሰማይ ቢሆንም ወተቷ ላብራቶሪ ደርሷል።

ፈታኙም ይፈተናል

አሁን የምንነግራችሁ ደግሞ ለእናንተ የሚሆን ነው። የስታርደስት መያዣ ሌላኛው ፊት ከከዋክብት መካከል የሚመጣ አቧራ እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። የእሱ ዱካዎች እጅግ ጥቂትና ደቃቅ ስለሆኑ ሳይንቲስቶቹ ብቻቸውን ፈልገው ሊጨርሱ አይችሉም። ስለዚህ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በነሐሴ 2006 እ.ኤ.አ. ምስሎቹን ኢንተርኔት ላይ አውጥቶ «የፈለገ ይፈልግ» አለ። ዲግሪ አልተጠየቀም። ከ30,000 በላይ ሰዎች ተሳተፉ። በ2014 ከከዋክብት መካከል ሳይመጡ አይቀሩም የተባሉ ሰባት ብናኞች ይፋ ሆኑ። ከመካከላቸው አንዷን መጀመሪያ ያየው ሳይንቲስት ያልሆነ አንድ የካናዳ ሰው ሲሆን «ኦሪዮን» ብሎ ስም አውጥቶላታል።

ግን በዘፈቀደ አልነበረም። ፈቃደኛው መጀመሪያ ፈተና ማለፍ ነበረበት። ከዚያም በኋላ በሥራው መሃል መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ምስሎች ይቀላቀሉበታል። አንዳንዱ ዱካ ያለበት፣ አንዳንዱ ባዶ። ዱካውን ካላየ ወይም ባዶውን «አለ» ካለ ነጥቡ ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር፣ ዓይኑ ምን ያህል እንደሚታመን የሚለካው በማስመሰያ ነው። አስመሳይ ምስሉ ሰውን ለመሸወድ ሳይሆን የሰውን ዓይን ለመመዘን ገባ።

እኛም አገር አለ

ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አፋር ውስጥ ዳሎል አለ። አሲዱ የበረታ፣ ጨው የበዛበት፣ የሚፈላ ቀለማማ ኩሬ። ከመላው ዓለም ተመራማሪዎች የሚመጡት ሌሎች ፕላኔቶች ላይ ሊኖር የሚችልን ሁኔታ ስለሚመስል ነው። ተፈጥሮ ራሷ ያዘጋጀችው ማስመሰያ ላብራቶሪ በሉት።

በ2019 እ.ኤ.አ. አንድ ቡድን እዚያ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘን አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን ደግሞ በጣም አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘንም ሲል ጻፈ። እንዲያውም በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሕዋስ የሚመስሉ ግን ማዕድን ብቻ የሆኑ ድብልብል ነገሮች እንዳሉ አስጠነቀቀ። ክርክሩ የሚያስተምረን ይህንን ነው፦ «ይመስላል» እና «ነው» መካከል ገደል አለ። ያንን ገደል ዓይን ብቻውን አይሻገረውም። ነገ አንድ ሮቦት ማርስ ላይ «ሕዋስ የሚመስል ነገር አየሁ» ቢል መጀመሪያ «እንደ ዳሎሉ ማዕድን ቢሆንስ?» ይባላል። የኢትዮጵያ መሬት ለዓለም ያበረከተው ጥርጣሬ ነው፤ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየተቀጣጠለ ያለፈውን ነገር ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ ቀርጻችሁታል። በአፋርና በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት እየተንቀጠቀጠ ሰው ከቤቱ እየወጣ በነበረበት ሰሞን ስለሆነ ፍርሃቱ ከባድ ነበር። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ያኔ ያለው የጠፈር ስብርባሪ ወይም የሰማይ አለት ሊሆን ይችላል ነው። «ሊሆን ይችላል» ሲሉ ብዙ ሰው ተናደደ፤ «አያውቁም ማለት ነው» ተባለ። እኛ ደግሞ የምንለው ተቃራኒውን ነው። ባልተመረመረ ነገር ላይ «ሊሆን ይችላል» ያለ ሰው ነው ሥራውን የሚያውቀው። ከዚያ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ቀድሞ ኬንያ፣ ማኩዌኒ ውስጥ አንድ መንደር ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቆ ነበር። የኬንያ ስፔስ ኤጀንሲ ከሮኬት ተለይቶ የወደቀ ክፍል ነው አለ። ያ ግን በእጅ የሚነካ፣ የሚመዘን ነገር ነበር።

አንጋጫ ቆርቆሮ ላይስ?

«እኛ ሮኬት የለንም፣ ኤሮጄል የለንም፣ ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። የጅራታም ኮከብ አቧራ ግን እኛን ፈልጎ ይመጣል። አንታርክቲካ ያለው ኮንኮርዲያ ጣቢያ አካባቢ በረዶ እያቀለጡ ለ20 ዓመት ያጠኑ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤታቸውን አወጡ። በየዓመቱ 5,200 ቶን ገደማ የጠፈር ብናኝ መሬት ላይ ይወርዳል። ከዚህ 80 በመቶ የሚሆነው ከጅራታም ኮከቦች የመጣ እንደሆነ ይገምታሉ።

ሂሳቡን እኛው እንሥራው። የምድር ስፋት 510 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። 5,200 ቶኑን እኩል ብናካፍለው ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በዓመት 10 ግራም ይደርሰዋል። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው የአንጋጫ ቤት በዓመት ግማሽ ሚሊግራም ያህል ይወርድበታል። አምበሪቾ ተራራ ላይ፣ እንሰቱ ቅጠል ላይ፣ የቤታችሁ አሸንዳ ውስጥ የጠፈር አቧራ አለ።

ታዲያ ማግኔት ይዛችሁ አሸንዳ ከመጥረጋችሁ በፊት አንድ ነገር። ከአሸንዳ የሚወጣ፣ ማግኔት የሚስበው ጥቁር ነገር አብዛኛው የምድር ነው፤ የቆርቆሮ ዝገት፣ የብየዳ ፍንጣሪ፣ የግራይንደር ብናኝ። አንዳንዱ የብየዳ ፍንጣሪ ክብ ስለሆነ የጠፈሩን ቁርጥ ይመስላል። ኖርዌያዊው የጃዝ ጊታር ተጫዋች ጆን ላርሰን ከከተማ ጣሪያ ላይ የጠፈር ብናኝ ማግኘት እንደሚቻል ያሳየው፣ በመጀመሪያ ጠፈር የሚመስሉትን የምድር ብናኞች ለዓመታት ሰብስቦ፣ ለይቶ፣ ካወቀ በኋላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ከሳይንቲስቶች ጋር ሆኖ ባወጣው ጥናት ከኦስሎ፣ ከፓሪስና ከበርሊን ጣሪያዎች 500 ገደማ ብናኞች ተለይተዋል። ሙዚቀኛ ነው እንጂ የጠፈር ዲግሪ አልነበረውም። የነበረው ትዕግሥትና አስመሳዩን አስቀድሞ የማወቅ ልምድ ነው።

ማይክሮስኮፕ ለሌላችሁ ደግሞ አንድ ሙከራ እንንገራችሁ፤ ወጪው ዜሮ ነው። ሰፋ ያለ ሳፋ ላይ የተነፋ አመድ አፍሱና ላዩን ደልድሉት። መጠናቸው የተለያየ አምስት ጠጠር ምረጡ፤ ስፋታቸውን በማስመሪያ ለኩና ጻፉ። ሁሉንም ከአንድ ከፍታ፣ ለምሳሌ ከአንድ ሜትር ተኩል፣ አንድ በአንድ ጣሉ። የእያንዳንዱን ጉድጓድ ስፋት ለኩ። አሁን ሠንጠረዥ አላችሁ። ከዚያ ፊታችሁን አዙሩ፤ ጓደኛችሁ ያላያችሁትን ሌላ ጠጠር ከዚያው ከፍታ ጥሎ ያንሳው። ጉድጓዱን ብቻ አይታችሁ የጠጠሩን መጠን ገምቱ። ጠጠሩ ሲወጣ ምን ያህል እንደተሳሳታችሁ ታያላችሁ። በፍጥነትም በዕቃም ከእነ ናሳ ጋር አይወዳደርም፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። መጀመሪያ የምታውቀውን ተኩስ፣ ከዚያ የማታውቀውን አንብብ።

ይህንን የምንለው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ብዙ ወጣት «ሳይንስ የኔ አይደለም» ብሎ ከትምህርት ቤት ይወጣል። ስንቶቻችን ነን ላብራቶሪ የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ አይተን ውስጡን ሳናይ የጨረስነው? ሙከራውን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስለን፣ ውጤቱን ሸምድደን፣ ፈተና ላይ ጽፈን አልፈናል። ውጤቱን የሸመደደ ሰው አንድ ነገር አይማርም፤ ራሱን መጠራጠር። ስልኩ ላይ የመጣለትን ቪዲዮም እንዲሁ ይቀበላል፤ መልስ ተሰጥቶት መቀበል ለምዷልና። የላብራቶሪ እጦት የሚጎዳው ሐኪምና ኢንጂነር ሊሆን የነበረውን ልጅ ብቻ አይደለም። ስልክ የያዝነውን ሁሉ ነው።

ስለዚህ ትምህርት ቤቶች «ዕቃ እስኪመጣ» ብለው ከሚቀመጡ በአመድና በጠጠር ይጀምሩ እንላለን። ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የፊዚክስ ተማሪዎች በእረፍት ጊዜያቸው አንድ ማይክሮስኮፕ ይዘው ወደ ወረዳዎቹ ቢወጡ ብዙ ነገር ይቀየራል። መጠየቅ የእኛ ነው።

ቪዲዮ ሲመጣ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ቀጣዩ ወሬ መምጣቱ አይቀርም። ቻይና በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ያስወነጨፈችው ቲያንዌን 2 መጀመሪያ ከአንድ ትንሽ አስትሮይድ ናሙና ለማምጣት፣ ቀጥሎ ወደ አንድ ጅራታም ኮከብ ለመሄድ ጉዞ ላይ ነው። ናሙናው ምድር ሲደርስ ኤአይም አብሮ ይደርሳል። ያኔ ከአቧራው ታሪክ የተማርናቸውን ሦስት ጥያቄዎች አውጡ።

አንደኛ፣ አስቀድሞ በሚታወቅ ነገር ላይ ተሞክሯል? ቪዲዮውን የለቀቀው ገጽ ከዚህ በፊት ያለው ምን ያህሉ እውነት ሆነ? «ታኅሣሥ ላይ ይመታናል» ብሎ የነበረ ገጽ አሁን ምን እያለ ነው? ወደ ኋላ ስክሮል አድርጋችሁ እዩት።

ሁለተኛ፣ ይህ ነገር ከኮከቡ ነው ወይስ ከናይለኑ? ማለትም፣ መረጃው ከምንጩ የመጣ ነው ወይስ ሲዞር መንገድ ላይ የተጨመረበት? ሳይንቲስቱ «ሊሆን ይችላል» ያለውን ማን ነው «ነው» ያደረገው?

ሦስተኛ፣ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ አግኝቶታል? 3አይ/አትላስን ያዩት በተለያየ አገር ያሉ፣ እርስ በርስ የሚፎካከሩ ቴሌስኮፖች ናቸው። ሁሉም የሚያወጣው ጋዝና አቧራ አዩ። አንድ ገጽ ብቻ ያየው መንኮራኩር ግን የአንድ ገጽ መንኮራኩር ነው።

ሁለቱን ማስመሰሎች የሚለያቸው ነገር ቀላል ነው። የላብራቶሪው «እያስመሰልኩ ነው፤ የተኮስኩት ይህ ነው፣ ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው፣ አንተም ሞክረው» ይላል። የስልኩ ግን አንድም ነገር አይነግርህም፤ «ቶሎ ሼር አድርግ» ብቻ ይላል። የሚያስቸኩላችሁን ተጠንቀቁት። ስታርደስት ያመጣው አቧራ 20 ዓመት ሙሉ እየተመረመረ ነው፤ ዛሬም አላለቀም።

የአመዱን ሙከራ የሠራችሁ ሠንጠረዣችሁን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። የተሳሳታችሁትን ግምት አታጥፉት፤ እሱንም አብራችሁ ላኩ።